የድሬን ውሃ ለምታቅዱ፦ በርሜሉን፣ ጉድጓዱንና ደቻቱን አብራችሁ እዩልን

ይድረስ፦ የድሬዳዋን ውሃ፣ ጎርፍና የኅብረተሰብ ጤና ለማቀድ ኃላፊነት ለተሰጣችሁ ሁሉ

ግልባጭ፦ ለድሬ ነዋሪ

ጉዳዩ፦ ሳንሰማ ስለተቀየረው የውሃ ፈረቃና ሳንጠራ ስለሚዘጋጀው ዕቅድ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፤

በቅድሚያ ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

እኛ ድሬን አቋርጦ በሚያልፈው ደረቅ ወንዝ፣ በደቻቱ ዳር ካሉት ሰፈሮች በአንዱ የምንኖር የእድር አባላት ነን። ከመካከላችን ከፊራ ገበያ ጉልት ዘርግተው የሚውሉ እናቶች አሉ። ባጃጅ የሚነዱ ልጆች አሉ። ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ አባቶችም አሉ።

ለመጻፍ ያነሳሱን ሁለት ነገሮች ናቸው። የሰፈራችን የውሃ ፈረቃ ሳይነገረን ተቀየረ። ቀን ይመጣ የነበረው ውሃ ወደ ሌሊት ዞረ። በየትኛው ሌሊት እንደሚመጣ የሚያውቅም የለም። በዚሁ መሐል ከተማችን የአየር ንብረት ለውጥን የምትቋቋምበት የውሃ ዕቅድ እየተዘጋጀ መሆኑን፣ ውይይትም መደረጉን ሰማን። የሰማነው ከሰው አፍ ነው። ከእኛም ሆነ ከአጎራባች እድሮች የተጠራ የለም። ዕቅዱ ሳይዘጋ በፊት እኛ በየቀኑ የምናየውን እንድታውቁት ብለን ይህን ጻፍን።

የምንለው ባጭሩ ይሄ ነው። ጎርፉ የአንድ ክፍል ሥራ ነው፣ ቧንቧው የሌላ፣ ትንኙ የሌላ። መጸዳጃው ደግሞ ባለቤት ያለው አይመስልም። እኛ ግቢ ውስጥ ግን አራቱም አብረው ነው የሚኖሩት። አንዱን ለብቻው አስተካክላችሁ ሌላውን ስትተዉት ችግሩ ዞሮ እኛው ላይ ይወድቃል። ይህ ሲደርስብን ኖሯልና ነው የምንናገረው።

ከበርሜሉ እንጀምር። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ሰው ያጠራቅማል። አቅም ያለው ሮቶ ይሰቅላል። የሌለው በርሜልና ጀሪካን ይደረድራል። የአንዲት ጎረቤታችንን ግቢ ብትገቡ ከበሩ ጀርባ ሁለት ሰማያዊ በርሜሎች ታያላችሁ። የአንዱ ክዳን ጠፍቷል። በቆርቆሮ ቁራጭ ተሸፍኖ ድንጋይ ተጭኖበታል። በቆርቆሮውና በበርሜሉ አፍ መካከል ጣት የሚያሾልክ ክፍተት አለ። ቆርቆሮውን አንስታችሁ ጎንበስ ካላችሁ ከውሃው ገጽ ሥር ተንጠልጥለው የሚወራጩ ቀጫጭን እጮች ይታያሉ። በርሜሉን ነካ ሲያደርጉት ወደ ታች ይጠልቃሉ፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ ይወጣሉ።

ሴትዮዋ ሰነፍ አይደሉም። ግቢያቸው ሁሌም እንደተጠረገ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጥታ «እማማ፣ ይህን ውሃ ይድፉት» አለቻቸው። «ልጄ፣ እሺ ልድፋው። ነገ ምን ልጠጣ?» አሏት። ልጅቷ የምትመልሰው አልነበራትም። መልሱ ያለው ፈረቃውን በሚያወጣው ክፍል ዘንድ ነው።

ይህ በርሜል ስንት ጊዜ እንደጎዳን አስታውሱ። በ2006 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ደንጊ የሚባል ትኩሳት በድሬ ተነሳ። ከ11 ሺህ በላይ ተጠርጣሪ ታማሚ ተመዘገበ። በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ የሚባል ሌላ በሽታ ገባ። እስከ 2012 መጀመሪያ ድረስ የተጠርጣሪው ቁጥር ከ40 ሺህ አለፈ። ሰው መገጣጠሚያው ተቆልፎ፣ ከአልጋ ተደግፎ ሲነሳ የከረመበት ጊዜ ነው። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ኤደስ የምትባለው ትንኝ ናት። ረግረግ አትፈልግም። ቤት ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ይበቃታል። የምትናከሰውም ቀን ስለሆነ አጎበር ብዙም አያድናችሁም።

በ2014 ደግሞ ወባ በበጋ መጣብን። ወባ ከክረምት በኋላ የሚነሳ፣ ይበልጡን የገጠር በሽታ ነው ብለን ነበር ያደግነው። ከእስያ የመጣችው አኖፊሊስ ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ ግን ከተማ ትወዳለች። በአገራችን መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። በድሬው ወረርሽኝ ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች የእሷን እጅ አግኝተውበታል። እሷም የምትራባው በውሃ ማጠራቀሚያና ለግንባታ በተያዘ ውሃ ውስጥ ነው። እንግዲህ በዓሥር ዓመት ውስጥ ሦስት ወረርሽኝ፣ ሦስቱም ከተጠራቀመ ውሃ!

በየጊዜው ዘመቻ ተደርጓል፤ አንክድም። መድኃኒት ተረጭቷል። በድምፅ ማጉያ «ውሃችሁን ክደኑ» ተብለናል። ውሃው ለምን እንደሚጠራቀም ግን ቤታችን መጥቶ የጠየቀን የለም። ውሃው በሚታወቅ ቀንና ሰዓት ቢመጣ ሰው የሚያጠራቅመው የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው። መቼ እንደሚመጣ ካላወቀ ግን እስከ ሻይ ማፍያው ድረስ ሞልቶ ያስቀምጣል። ስለዚህ የፈረቃ ሰሌዳ የጤና ጉዳይም ነው። ሰሌዳውን ሳትነግሩን ስትቀይሩ የትንኝ መራቢያም አብራችሁ እያበዛችሁ ነው።

ሌሊት መሆኑስ ምን አመጣ? ውሃ ጠብቆ የሚያድር ሰው ያስፈልጋል። የሚያድሩት እናቶችና ሴት ልጆች ናቸው። ጠዋት ጉልት የሚወጡት፣ ትምህርት ቤት የሚሄዱትም እነሱ ናቸው። ዲናሞ ያለው ቤት ከመስመሩ ይስባል። ከሱ በኋላ ያለው ቤት ቧንቧው ሲነፋ ያድራል። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ ቆጣሪው የአከራይ ስለሆነ ተራችሁ መጨረሻ ነው። ያልደረሰው በማግሥቱ በጀሪካን ይገዛል። በጀሪካን የሚገዛ ደሃ ቧንቧ ካለው ሰው ይልቅ ለአንድ ሊትር አብልጦ ይከፍላል። ይህ ለእናንተ አዲስ ነገር አይደለም፤ ግን በዕቅድ ውስጥ ተጽፎ ማየት እንፈልጋለን።

አገራችን በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ላይ ለከተሞች መለኪያ አስቀምጣ ነበር። ከ100 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ሕዝብ ላለው ከተማ በቀን ለአንድ ሰው 80 ሊትር። ድሬ እዚህ ውስጥ ናት። 80 ሊትር ማለት ባለ 20 ሊትር አራት ጀሪካን ነው። ያቺ ያልናችሁ ጎረቤታችን ቤት ስድስት ሰው አለ። በመለኪያው ከሄድን በቀን 480 ሊትር ይገባቸዋል። ሁለቱም በርሜሎች ጢም ብለው ቢሞሉ 400 ሊትር ገደማ ነው። እሱን እስከሚቀጥለው ፈረቃ ያብቃቁታል። ቀኑን በማታውቁበት ፈረቃ! የከተማው አማካይ ቁጥር ሲነገር የእሳቸው በርሜል እዚያ ውስጥ አይታይም። ስለዚህ በአማካይ አታናግሩን። በሰፈር በሰፈር ንገሩን።

አሁን ወደ ጉድጓዱ እንሂድ። ድሬ የምትጠጣው ከመሬት ሥር ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም። ከዋና ዋናዎቹ ምንጮቿ አንዱ የሳቢያን ጉድጓዶች ናቸው። ከተማው እየሰፋ ሄዶ ሳቢያንን ውጦታል። በብዙ ቦታ መጸዳጃ ቤት ማለት የተቆፈረ ጉድጓድ ነው። ከላይ መጸዳጃ፣ ከታች የመጠጥ ውሃ። መሬቱ አሸዋና የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ከላይ የገባበትን ወደ ታች ያሳልፋል።

የኖራውን ነገር እያንዳንዱ የድሬ ሰው ቤቱ ያየዋል። ውሃ የሚያፈሉበትን ዕቃ ውስጡን ስትመለከቱ ነጭ ቅርፊት ይዞታል። በማንኪያ ሲፍቁት ይረግፋል። ይሄ ለዓይን ያስጠላል እንጂ ዋናው አደጋ እሱ አይደለም። ዋናው አደጋ በዓይን አይታይም። በድሬ የከርሰ ምድር ውሃ ላይ የተሠሩ ጥናቶች በአንዳንድ ጉድጓዶች የናይትሬት መጠን የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 50 ሚሊ ግራም በሊትር በላይ ሆኖ አግኝተውታል። ምንጩ በዋናነት የሰው ፍሳሽ ነው። ይህ በተለይ በጡጦ ለሚመገቡ ጨቅላ ሕፃናት አደገኛ ነው። የደማቸውን ኦክስጅን የመሸከም አቅም ይቀንሰዋል።

እናቶቻችን ደግሞ «ውሃ አፍልታችሁ ለልጅ ስጡ» ተብለው ተምረዋል። ለተቅማጥ ትክክለኛ ምክር ነው። ናይትሬት ግን በማፍላት አይወጣም። እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይበልጥ ይጠነክራል። እናትየዋ ልጇን እየጠበቀች መስሏት የባሰውን ትሰጠዋለች ማለት ነው። ለአንዲት እናት ይህን የማወቅ መብት የማይሰጥ ዕቅድ ምን ሊረባ ይችላል? የትኛው ጉድጓድ ወደየትኛው ሰፈር እንደሚገባና የምርመራው ውጤት ምን እንደሆነ ጠይቀን ነበር። ነገ ተመለሱ ተባልን፤ ከዚያ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

ስለ ከርሰ ምድሩ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ሐረሮች ለዓሥርተ ዓመታት ይጠጡ የነበረው ከሐሮማያ ሐይቅ ነው። ለከተማ ተሳበ። ለአትክልትና ለጫት ማሳ በየሞተሩ ተሳበ። ከዳገቱ የታጠበው አፈር ደግሞ ሐይቁን ሞላው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሐይቁ ደረቀ። ዛሬ ለሐረር ውሃ የሚሄደው ከድሬ ቆላ፣ ከሀሰሊሶ በኩል ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ነው። በፓምፕ ተገፍቶ የደንገጎን ዳገት ይወጣል። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ የሐረር ቧንቧም ይደርቃል። ውሃ ለሐረር መሄዱ ቅር አላለንም። ወገኖቻችን ናቸው፤ ውሃም ለጎረቤት አይከለከልም። የምንጠይቀው ሒሳቡን ነው። ከዚህ መሬት ሥር ከተማው፣ ሐረር፣ መልካ ጀብዱ ላይ ያለው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የግል ጉድጓድ ያለው ሁሉ ስንት ይስባል? ዝናብስ ስንት ይመልሳል? የጉድጓዶቹ ውሃ በየዓመቱ በስንት ሜትር ወረደ? ሐሮማያን ያደረቀው ሁሉም መሳቡ ብቻ አልነበረም። የተሳበውን ደምሮ «በቃ» የሚል መጥፋቱም ነው።

በቅርብ ዓመታት ሐሮማያ እንደገና ውሃ ይዟል። ዝናቡ ረድቷል። ዳገቱ ላይ የተሠራው የእርከንና የችግኝ ሥራም ድርሻ አለው። ይህን የምናነሳው ወደ ደቻቱ ስለሚወስደን ነው።

ስለ ደቻቱ ለድሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ውሃው ሰው በተኛበት መጣ። ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። ሺዎች ቤት አልባ ሆኑ። በእድራችን መዝገብ ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እንኳ መዋጮ ያልከፈሉ ስሞች አሉ። ሰርዘን አናውቅም። ከዚያ ወዲህ ግንብ ተሠርቷል፤ ለተፈናቀሉትም ቤት ተሠርቷል። ይህን እናውቃለን፣ ጠቅሞናልም። ግን በ2012 ሚያዝያ ጎርፍ እንደገና የሰው ሕይወት ቀጠፈ።

ግንብ ብቻውን የማይበቃው ለምን እንደሆነ እኛ ከታች ሆነን እናየዋለን። ደንገጎ ላይ ሰማዩ ሲጠቁር ድሬ ጠራራ ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ዳገቱ ቁልቁል ነው፤ ብዙ ቦታም ተራቁቷል። የዘነበው ሁሉ አፈርና ድንጋይ ይዞ ይወርዳል። ደረቁ አሸዋ ላይ እቃ ዘርግቶ የሚሸጥ፣ ኳስ የሚጫወት፣ ከመጋላ ወደ ከዚራ የሚሻገር ሰው ድምፁን ሲሰማ ውሃው ደርሷል። እስካሁን በሰፈራችን ማስጠንቀቂያ የሚባለው ላይ ያለ ዘመድ ስልክ መደወሉ ነው። «አቦ፣ እዚህ ከባድ ነው፤ ልጆቹን አስወጡ!» ይላል። ኔትወርክ ካለ። ዘመድ ከሌለስ? ሌሊት ስልኩን አጥፍቶ የተኛስ?

ሌላም አለ። ክረምት በገባ ቁጥር በደቻቱ በኩል እጅግ ብዙ ውሃ በሰዓታት ውስጥ አልፎ ወደ በረሃው ይሄዳል። በማግሥቱ እኛ ጀሪካን ይዘን እንሰለፋለን። የሚገድለን ውሃና የሚጠፋብን ውሃ ያው አንዱ ውሃ ነው። ላይ ዳገቱ ላይ ቢያዝ፣ ቢዘገይ፣ መሬት ውስጥ ቢሰርግ ጉድጓዶቹን ይሞላ ነበር። እርከን፣ በየሸለቆው ጋቢዮን (በሽቦ የታሰረ የድንጋይ ክትር)፣ የአሸዋ ግድብ፣ ይህ ሁሉ የሚታወቅ ሥራ ነው። በኬንያ የማቻኮስና የኪቱይ ገበሬዎች በደረቅ ወንዝ ላይ አነስተኛ ግድብ ሠርተው፣ ከኋላው በሚጠራቀመው አሸዋ ውስጥ ውሃ ይይዛሉ። አሸዋው ውሃውን ከፀሐይ ይከልለዋል፤ ትንኝም አይገባበትም። እኛ ጋ ደግሞ ያንኑ አሸዋ መኪና እየጫነ ለግንባታ ይወስደዋል። ማን ፈቅዶ፣ ከየትኛው ቦታ፣ ስንት ድረስ? ይህንንም አናውቅም።

የላይኛው ተፋሰስ ሁሉ በድሬ አስተዳደር ሥር አይደለም። ከፊሉ በገጠር ቀበሌዎቻችን፣ ከፊሉ በምሥራቅ ሐረርጌ ነው። «ከአቅማችን በላይ ነው፣ የሌላ ክልል ነው» እንደሚባል እናውቃለን። ውሃው ግን ወሰን ላይ አይቆምም። ላይ ያለው ገበሬ መሬቱን ለዛፍና ለእርከን ሲሰጥ የሚያጣው ምርት አለ። ጥቅሙ ለታችኛው ከተማ ከሆነ ከተማው ይክፈለው። ከውሃ ሒሳባችን ላይ ጥቂት ሳንቲም ለዚህ ተብሎ ቢቆረጥና የት እንደዋለ በየዓመቱ ቢነገረን እኛ አንቃወምም። ይህን በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነጋግረንበት የተስማማንበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ኬፕ ታውን ከተማ ቧንቧዋ ሊዘጋ ጫፍ ደርሳ ነበር። ነዋሪው በቀን ለአንድ ሰው ከ50 ሊትር እንዳያልፍ ተጠየቀ። ሰው የተባበረው ተገዶ ብቻ አይደለም። የግድቦቹ ውሃ ስንት በመቶ እንደቀረ በይፋ ይነገረው ስለነበረም ነው። ድሬ ኬፕ ታውን አይደለችም፤ ገንዘቧም ውሃዋም ያንስ ይሆናል። ቁጥርን ለሕዝብ መንገር ግን ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ወረቀትና ሙጫ ይበቃዋል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው።

ከሁሉ በፊት የፈረቃ ሰሌዳው በቀንና በሰዓት ተጽፎ በየቀበሌው፣ በየመስጊዱና በየቤተ ክርስቲያኑ በር ይለጠፍልን። ሲቀየር ቀድሞ ይነገረን። ፓምፕ ተበላሽቶም መብራት ጠፍቶም ከሆነ ምክንያቱ ይነገረን፤ እንረዳለን። በተቻለ መጠን ቀን ይሁንልን።

በርሜል ላለው ቤት ሁሉ የሚገጥም ክዳን ወይም ወንፊት ይቅረብ፤ ከዘመቻ በፊት። ፈረቃ የሚያወጣው ክፍልና ትንኝ የሚከታተለው ክፍል አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ይሥሩ። ውሃ ለረጅም ቀን የሚጠፋበት ሰፈር ቀድሞ ለጤና ጣቢያው ይነገረው።

የጉድጓዶቹ የናይትሬት ውጤት በየሰፈሩ ይገለጽ። ከመጠን ያለፈበት ጉድጓድ ካለ ከሌላ ውሃ ጋር ይቀላቀል ወይም ይዘጋ። እስከዚያው ለጨቅላ ሕፃናት የሚሆን ውሃ በቦኖ ወይም በቦቴ ይቅረብ። ሳቢያን አካባቢ ለጉድጓዶቹ የጥበቃ ክልል ይከለል፤ የነዋሪው መጸዳጃም በመንግሥት እገዛ ወደ ማይሰርግ ታንከር ይቀየር። ደሃውን ከቦታው ማንሳት መፍትሔ ተብሎ እንዳይመጣብን አደራ።

ከላይኛው ተፋሰስ ነዋሪዎችና ከአጎራባች አስተዳደር ጋር የሚሠራ ቋሚ ኮሚቴ ይቋቋም። እድሮችም ወንበር ይኑረን። ላይ ዝናብ የሚለኩ ሰዎች፣ ታች ደግሞ በየሰፈሩ ሳይረንና ስልክ የያዙ ተጠሪዎች ይኑሩ። ለሰፈራችን ሌሊት ተራ ገብተው የሚጠብቁ ወጣቶችን እኛ እንመድባለን። ሥልጠናውንና መሣሪያውን ከእናንተ እንጠብቃለን። ይህ ሥራ ከሐምሌ በፊት መጀመር አለበት።

ዕቅዱ ከመጽደቁ በፊት ረቂቁ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይውጣልን።

እድራችን በወሩ የመጀመሪያ እሁድ ጠዋት ይሰበሰባል። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ስለ ፈረቃውና ስለ ጉድጓዶቹ መልስ መስጠት የሚችል ባለሙያ ላኩልን። የዚህ ደብዳቤ ቅጂ ከአባላቱ ፊርማ ጋር በጽሕፈት ቤታችሁ መዝገብ ክፍል ገቢ ሆኗል። መልሱን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር፣

በአባላቱ ስም
የእድሩ ጸሐፊ
ደቻቱ ዳር፣ ድሬዳዋ